ሰብስቦ መጨረስን ሳይጠብቁ መተንተን፦ አይነታዊ ምርምርን ከከተማው ዳር መማር

(በኮዬ ፈጬ አካባቢ ለማኅበራዊ ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተደርጎ የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ።

አብዛኞቻችሁ በዚህ ሴሚስተር ፕሮፖዛል ታቀርባላችሁ። የዘዴው ምዕራፍ ላይ «ይህ ጥናት አይነታዊ የምርምር ዘዴን ይከተላል» የሚል ዓረፍተ ነገር ይኖራል፣ ከቁጥር ይልቅ ሰው የሚናገረውንና የሚያደርገውን ያጠናል ማለት ነው፤ መጨረሻው ላይ ደግሞ የጊዜ ሰሌዳ። ሰሌዳው የማንም ቢሆን አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ወር መረጃ መሰብሰብ፣ አንድ ወር መገልበጥ (የተቀዳውን ድምፅ ወደ ጽሑፍ መቀየር)፣ አንድ ወር መተንተን፣ አንድ ወር መጻፍ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ሰሌዳ ነው። በአይነታዊ ጥናት የሚበላሸው ነገር አብዛኛው የሚጀምረው ከዚሁ ቅደም ተከተል ነውና።

መጠይቅ በትኖ ለሚሰበስብ ሰው ቅደም ተከተሉ ልክ ነው። ቅጹ አንዴ ከተባዛ ወዲያ መሀል ላይ ጥያቄ መቀየር ሥራውን ያፈርሰዋል። ቃለ መጠይቅ ግን የሚሻሻለው መሀል ላይ ነው። ሦስተኛውን ሰው ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ የሁለተኛው ሰው መልስ ነው። ያን መልስ ቁጭ ብላችሁ ካላነበባችሁት፣ አሥራ አምስተኛውንም ሰው የምትጠይቁት የመጀመሪያውን ሰው የጠየቃችሁትን ነው። ያኔ ያደረጋችሁት መጠይቅን በአፍ ማንበብ ነው፤ ቃለ መጠይቅ አይባልም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ባርኒ ግሌዘርና አንሰልም ስትራውስ የተባሉት አሜሪካውያን የሶሺዮሎጂ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1967 ከመረጃ ተነሥቶ ንድፈ ሐሳብ ስለመገንባት ሲጽፉ አጥብቀው የያዙት ይህንኑ ነበር፤ መሰብሰብ፣ ኮድ መስጠት (ለእያንዳንዱ የንግግር ክፍል አጭር ስያሜ መጻፍ) እና መተንተን ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ ቀጥሎ ማን ጋ እንደሚኬድም የሚወስነው እስካሁን የተገኘው ነው። የእነሱ ስም በየቴሲሱ ይጠቀሳል፤ የጊዜ ሰሌዳው ግን ንቅንቅ አላለም።

ነገሩን በምሳሌ እንየው፤ እዚሁ ዙሪያችን ያለ ጉዳይ እንውሰድ። በኮንዶሚኒየም ዕጣ ይሁን በመልሶ ማልማት፣ ከመሀል ከተማ ተነሥቶ ወደ ኮዬ ፈጬ፣ ወደ ቱሉ ዲምቱ ወይም ወደ የካ አባዶ የመጣ ቤተሰብ የድሮ ሰፈሩን እድር ምን ያደርገዋል? ተማሪ ይህን ሲያይ ቶሎ የሚጽፈው ርዕስ «የመልሶ ማልማት በማኅበራዊ ትስስር ላይ ያለው ተጽዕኖ» የሚል ነው። ይህ ርዕስ በአሥራ አምስት ቃለ መጠይቅ አይመለስም። «ተጽዕኖ» ካላችሁ በፊትና በኋላ የሚነጻጸር ልኬት ትፈልጋላችሁ፣ ያልተነሡ ሰዎችንም ማየት ይኖርባችኋል። ለእኛ ዘዴ የሚስማማው ሰው ምን እንደሚያደርግ፣ እንዴት እንደሚያደርገውና ለራሱ ምን ብሎ እንደሚያስረዳው የሚጠይቅ ነው። «ወደ ኮዬ ፈጬ የመጡ ቤተሰቦች የቀድሞ እድራቸውን ይዘው ለመቆየት ወይም ለመተው የሚወስኑት እንዴት ነው?» ብትሉ በሳምንት ውስጥ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ።

ከዚያ መግቢያው አለ። ከዩኒቨርሲቲው የትብብር ደብዳቤ ታወጣላችሁ፤ ከላይ ወደ ታች እስከ ወረዳ እየተመራ ይወርዳል። ዳር ላይ ያለ ሰፈር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን የሚነካካበት አካባቢ ነው፤ በዙሪያው ያሉ ከተሞችም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ አስተዳደር ተጠቃለዋል። ስለዚህ ደብዳቤ ከማጻፋችሁ በፊት የመረጣችሁት ብሎክ ዛሬ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ሄዳችሁ አረጋግጡ። አድራሻው የተሳሳተ ደብዳቤ ተመልሶ ሌላ እስኪጻፍ ሳምንታት ይበላል። ከምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚሰጠው ፈቃድም ከዚህ የተለየ መሆኑን አትርሱ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ደብዳቤው ግን የቢሮ በር እንጂ የሰው ቤት አይከፍትም። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ደብዳቤውን አይቶ «አምስት ሰው አገናኛችኋለሁ» ቢል ደስ ይላል፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። የሚያገናኛችሁ የሚያውቃቸውን ነው፣ የሚያውቃቸው ደግሞ ስብሰባ የሚመጡትን ነው። ተከራዩ፣ ማታ ገብቶ ጠዋት የሚወጣው፣ ከኮሚቴው ጋር የተጣላው ይቀራል። ደንብ አድርጋችሁ ያዙት፤ በአንድ ሰው ጥቆማ ከሁለት ሰው በላይ አይገባም፣ መግቢያውም ቢያንስ ሦስት ይሁን። ኮሚቴው አንዱ ነው። ምድር ቤት ያለው ባለሱቅ ሌላው ነው፤ የግቢው ጥበቃ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ደግሞ ሌላ።

የምትመርጧቸውን ሰዎች በወረቀት ላይ በሠንጠረዥ አስቀምጡ፤ በአንድ በኩል የድሮ እድሩን የያዘ፣ የተወ፣ ሁለት የሚከፍል፤ በሌላ በኩል ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላውና ከአምስት ዓመት በላይ የቆየ። ሴትና ወንድ፣ ባለቤትና ተከራይ በየሳጥኑ ይግቡ። ሁሉም ሳጥን መሙላት የለበትም፤ ባዶ የቀረው ለምን እንደቀረ ግን መጻፍ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚዘለል ወገንም አለ። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚሁ ሲያርሱ የኖሩ ቤተሰቦች የራሳቸው እድር አላቸው፤ አዲስ መጪው የሚገባበት ወይም የማይገባበት እድር ማለት ነው። እነሱን ሳያናግሩ ስለ እድር በኮዬ ፈጬ መጻፍ ግማሹን መጻፍ ነው። ለዚህ አፋን ኦሮሞ የሚችል ተመራማሪ ያስፈልጋል። የሰፈር ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ አይበጅም፤ ሰው በጎረቤቱ ልጅ ፊት ስለ ጎረቤቱ አያወራም።

አሁን ወደ ቃለ መጠይቁ እንግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

መመሪያ ጥያቄዎቻችሁ ከአንድ ገጽ አይብለጡ፤ ስምንት ዋና ጥያቄ ለአንድ ሰዓት ይበቃል። ከእያንዳንዱ ሥር ተከታይ ጥያቄ ሁለት ሦስት ጻፉ። ሃያ አምስት ጥያቄ የያዘ ሰው ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው፤ መላሹም ይህን አይቶ መልሱን ያሳጥርለታል። ስልካችሁን ስትቀዱበት የበረራ ሁነታ ላይ አድርጉት፤ በብዙ ስልኮች ላይ ጥሪ ከገባ ቅጂው ይቋረጣል። ሁለተኛ መቅጃ ይኑር። ቀጠሮ ከቡና ሰዓት በፊት ያዙ። ቡና ከቀረበ የሲኒው ድምፅ ቅጂውን ይውጠዋል፤ ከዚያ ይልቅ ግን ጎረቤት ይጠራና የአንድ ሰው ቃለ መጠይቅ ሳታስቡት የቡድን ውይይት ይሆናል። ከሥራው በኋላ ቡናው ቢመጣ ጠጡ፤ ቀረጻው ከጠፋ በኋላ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ከተቀዳው ይሻላል። ያን ለመጠቀም ግን እንደገና ፈቃድ መጠየቅ ግድ ነው።

ቀጥሎ የማነበው ለማስተማሪያ የተዘጋጀ እንጂ ከማንም ሰው የተወሰደ አይደለም። መጀመሪያ መጥፎውን፦

ጠያቂ፦ እትዬ፣ እዚህ የእድር ነገር እንዴት ነው?
መላሽ፦ ጥሩ ነው፣ ተመስገን። ሁሉም ይረዳዳል።

አለቀ። ሴትዮዋ አልዋሹም፤ ሰላምታ ለሚመስል ጥያቄ ሰላምታ መለሱ። «እንዴት ነው» ተብሎ ሲጠየቅ ተመስገን ማለት ወግ ነው፤ ጥፋቱ የጠያቂው ነው። አሁን ሌላ መንገድ እንሞክር፦

ጠያቂ፦ በቅርቡ ለቅሶ የደረሱት መቼ ነበር?
መላሽ፦ ባለፈው ሳምንት። የድሮው ሰፈር ነው፣ የጎረቤቴ ወንድም።
ጠያቂ፦ እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፤ እንዴት ሰሙ?
መላሽ፦ ልጅቷ ደወለችልኝ። ጥሩምባው እኮ እዚህ አይሰማም። በሁለት ታክሲ ሄድኩ፣ ቀብሩ አለፈኝ። ድንኳን ገብቼ ተቀመጥኩ፣ ስሜ ሲጠራ «አለሁ» አልኩ።
ጠያቂ፦ ስምዎ ሲጠራ...
መላሽ፦ ከሌለሁማ ቅጣት አለ። (ዝም አሉ።) ቅጣቱ አይደለም እሱስ። የኔ ቀን ሲመጣ ማን ይቆማል? እዚህ ፎቅ ላይ ድንኳኑስ የት ይተከላል?

ልዩነቱን ተመልከቱ። ጠያቂው አስተያየት አልጠየቀም፤ የጠየቀው አንድ የተለየ ቀንን ነው። ሰው ስለ ጠቅላላው ሲጠየቅ መሆን ያለበትን ይናገራል፣ ስለ አንድ ቀን ሲጠየቅ የሆነውን። ሦስተኛው ጥያቄ ደግሞ ጥያቄ እንኳ አይደለም፤ የመላሽዋን ቃል መልሶ ማቀበል ነው። ከዚያ የመጣውን ዝምታ ጠያቂው አልሞላውም። ጀማሪ እዚያች ቦታ ላይ «ቅጣቱ ስንት ነው?» ብሎ ይገባል፤ መልሱም ቁጥር ይሆናል። በልባችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ ከባድ ነው፣ ግን ይለመዳል። «ርቀቱ አስቸግሮዎታል አይደል?» ዓይነት መልሱን ይዞ የሚመጣ ጥያቄም ይቅር፤ ለታናሽ እንግዳ «አይ» ማለት ለብዙ ሰው ነውር ስለሚመስለው አዎ ይላችኋል።

በዚያው ቀን ሳትተኙ የምትሠሩት አለ፤ የመስክ ማስታወሻ። በሰፈሩ ውስጥ ቁልፍ ቃላት ብቻ ትጭራላችሁ፣ ማታ ሙሉውን ትጽፋላችሁ። ገጹን ለሁለት ክፈሉት፤ በግራ ያያችሁትና የሰማችሁት፣ በቀኝ የመሰላችሁ። «ሰዎቹ ተሰላችተው ነበር» የቀኝ ነው። «የስም ጥሪው ሲጀመር ከኋላ የተቀመጡት አራት ወንዶች ስማቸውን ካስመዘገቡ በኋላ ወጡ» የግራ ነው። የእድር ስብሰባ አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ጠዋት ስለሆነ፣ አስፈቅዳችሁ ሁለት ሦስት ስብሰባ ብትቀመጡ ቃለ መጠይቅ የማይሰጣችሁን ታገኛላችሁ፤ ማን የት ይቀመጣል፣ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ለማን ያሳያል፣ ቅጣት የሚማረው ማን ነው። መተዳደሪያ ደንቡን ለማየት ጠይቁ። ደንቡ ላይ ያለውና ድንኳኑ ውስጥ የሚሆነው አይገጥምም፤ ያለመግጠሙ ራሱ ጥሩ መረጃ ነው። የአንድ ሰዓት ምልከታ የሁለት ሰዓት ጽሕፈት ይፈልጋል። እስከ ማግስቱ ካደረ ግማሹ ይጠፋል፤ የሚያሳዝነው ደግሞ የሚጠፋው ዝርዝሩ ነው፣ ጠቅላላ ስሜቱማ ይቀራል።

መገልበጥን ሁሉም ይንቀዋል። እስቲ እናስላ፤ አሥራ አምስት ቃለ መጠይቅ፣ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ በድምሩ 11 ሰዓት ከሩብ ቅጂ ነው። አንድ ሰዓት ቅጂ ለጀማሪ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ትየባ ይወስዳል። ከ70 እስከ 90 ሰዓት ማለት ነው፤ ሙሉ ቀን ብትሠሩ ሁለት ሳምንት አካባቢ። ይህ ሁሉ መጨረሻ ላይ ሲከመር ተማሪው ለሰው ከፍሎ ያስገለብጣል። የተከፈለው ሰው ደግሞ ንግግሩን ያሳምረዋል፤ መንተባተቡን፣ ሳቁን፣ «ቅጣቱ አይደለም እሱስ» የሚለውን መመለስ ያወጣዋል። ዋናው ነገር የነበረው እሱ ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ራሳችሁ ገልብጡ። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ መተግበሪያዎች ለአማርኛም መጥተዋል፤ ረቂቅ ያወጣሉ፣ እያዳመጡ ማረም ግን አይቀርም። ደግሞም ቅጂውን ወደማታውቁት የኢንተርኔት አገልግሎት መጫን ሰውየው ያልፈቀደው ነገር ሊሆን ይችላል። ሌላው ልማድ ቴሲሱ በእንግሊዝኛ ስለሚጻፍ ሁሉንም ተርጉሞ መተንተን ነው። ይህን አታድርጉ። በተነገረበት ቋንቋ ኮድ ስጡ፤ የምትተረጉሙት በጽሑፉ ውስጥ የምትጠቅሱትን ቃል ብቻ ነው።

ወደዚያች የለቅሶ ታሪክ እንመለስና ኮድ እንስጣት። ብዙ ተማሪ ዳር ላይ «ማኅበራዊ ትስስር» ብሎ ይጽፋል፣ ያልፋል። ይህ ኮድ ከመሄዳችሁ በፊትም ታውቁት የነበረ ነው፤ ምንም አልነገራችሁም። በየመስመሩ የሚደረገውን ጻፉ፤ «ዜናን በስልክ መስማት»፣ «ቀብር እያለፈ ለስም ጥሪ መድረስ»፣ «ቅጣትን ጠቅሶ ማስተባበል»፣ «ለራስ ቀን ሰው ማስቀመጥ»፣ «ፎቅ ላይ የድንኳን ቦታ ማጣት»። አምስት ኮድ ከስድስት መስመር። አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። የመጨረሻው ኮድ ከመመሪያ ጥያቄዎቻችሁ ውስጥ አልነበረም። በዚያው ሳምንት ካያችሁት የሚቀጥለውን ሰው «እዚህ ግቢ ሰው ሲሞት ድንኳን የት ይተከላል?» ትላላችሁ፤ የብሎኩን ኮሚቴ ስለ መኪና ማቆሚያው ትጠይቃላችሁ፤ የእድሩን ዳኛ ርቀው የሄዱ አባላት ሲሞቱ ዕቃው ማን ጭኖ እንደሚወስደው ትጠይቃላችሁ። ምናልባት ሰው የድሮ እድሩን የሚይዘው ለትዝታ ሳይሆን ለቅሶ የሚቀመጥበት ቦታ እዚያ ስላለ ነው የሚል ሐሳብ ይመጣል። ምናልባትም አምስተኛው ሰው ይህን ያፈርሰዋል። ሁለት ወር ሰብስባችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብታዩት ግን፣ አንዲት ሴት የተናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ በእጃችሁ ይቀራል።

እንዲህ ዓይነቱ ሐሳብ በመጣ ቁጥር ቀን ጽፋችሁ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ አድርጉ። የትንተና ምዕራፋችሁ በኋላ የሚሠራው ከእነዚህ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት የጭብጥ ትንተና (ኮዶችን በጋራ ሐሳብ የማሰባሰብ ዘዴ) ስድስት ደረጃዎች ዛሬ በየቴሲሱ ይገለበጣሉ፤ መረጃውን ደጋግሞ ማንበብ፣ ኮድ መስጠት፣ ጭብጥ መፈለግ፣ ጭብጡን መፈተሽ፣ መግለጽና መሰየም፣ መጻፍ። ደረጃዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ወደ ኋላ መመለስ ግን ክልክል አይደለም። ሁለቱ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚቃወሙት አባባል እኛ ዘንድ በጣም ይወደዳል፤ «ጭብጦቹ ከመረጃው ወጡ»። ጭብጥ ራሱ አይወጣም፤ እናንተ ናችሁ የሠራችሁት፣ እንዴት እንደሠራችሁት ማሳየት ደግሞ የእናንተ ዕዳ ነው። አራቱ ጭብጦቻችሁ ከመመሪያ ጥያቄዎቻችሁ አርእስት ጋር አንድ ከሆኑ ትንተና አልተደረገም፤ መልሶቹ በጥያቄ ተደርድረዋል። ኤንቪቮም ሆነ አትላስ ቲአይ የተባሉት የትንተና ሶፍትዌሮች ከዚህ አያድኗችሁም። ሶፍትዌር ያስቀምጣል፣ ይፈልጋል፣ ይቆጥራል። ለአሥራ አምስት ግልባጭ ሰፊ ህዳግ ያለው ወረቀትና ሦስት ቀለም እስክሪብቶ ይበቃል። ገንዘብ የማይጠይቅ ከፈለጋችሁ ታጌት የሚባለው አለ።

«ስንት ሰው ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ እንደማይቀር ይታወቃል። መልሱ ብዙ ጊዜ «12» ነው፤ እንደ ሕግ ይጠቀሳል። ምንጩ የጌስት፣ የበንስና የጆንሰን እ.ኤ.አ. የ2006 ጥናት ነው። ጋናና ናይጄሪያ ውስጥ ከተደረጉ 60 ቃለ መጠይቆች ኮዶቹ በየትኛው ላይ ማደግ እንዳቆሙ ቆጠሩ፤ በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ አብዛኛው ኮድ መጥቶ ነበር። ተጠያቂዎቹ ግን ተመሳሳይ ሴቶች ነበሩ፣ ጥያቄውም ለሁሉም አንድ ነበር፤ ራሳቸው አጥኚዎቹም ይህን ብለዋል። የእኛ ሠንጠረዥ ግን ባለቤትና ተከራይ፣ አዲስ መጪና ነባር ይዟል። ሙሌት ደረሰ፣ ማለትም አዲስ ሰው ቢጠየቅም አዲስ ነገር አይመጣም፣ ለማለት ማሳያ ያስፈልጋል፤ በየቃለ መጠይቁ ስንት አዲስ ኮድ እንደተጨመረ በቀላል ሠንጠረዥ መዝግቡ። በተከታታይ ሦስት ሰው ምንም አዲስ ካልመጣ፣ ከዚያ በተለየ ሳጥን ያለ ሰው ሞክሩ። ሁሉን ሰብስቦ በመጨረሻ የሚገለብጥ ሰው ሙሌት ላይ መድረሱን በምን ሊያውቅ ይችላል? በስሜት ካልሆነ በምንም።

ስለ ቡድን ውይይት አጭር ነገር። ከ6 እስከ 8 ሰው፣ አንድ አወያይ፣ አንድ ማስታወሻ ያዥ፣ ከ90 ደቂቃ ያልበለጠ። የእድር ዳኛና ተራ አባል አንድ ላይ አታስቀምጡ፤ ዳኛው ይናገራል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ሴቶችንና ወንዶችን ለዩ። ውይይት የሚጠቅመው ሰዎች እርስ በርስ በምን እንደሚስማሙና እንደሚከራከሩ ለማየት ነው፤ ስድስት ቃለ መጠይቅ በአንድ ጊዜ ለመጨረስ ከሆነ ይቅር።

ፈቃድ ላይ ደግሞ ወረቀት ማስፈረም ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ አካባቢ እንዲያውም ሊያበላሽ ይችላል። ቤቱን በዕጣ ያገኘ፣ አከራይቶ የሚኖር፣ ካርታ የሚጠብቅ ሰው ፊርማ ሲጠየቅ ሌላ ነገር ያስባል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ከፈቀደላችሁ የቃል ፈቃድ ቅዱ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ ለምን እንደምትጠይቁ፣ መተው እንደሚችሉ፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ ተናገሩ። «ምን ይጠቅመናል?» ሲሏችሁ ውሃም መንገድም አታምጡላቸው፤ የማመጣው ነገር የለም፣ የምጽፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ነው በሏቸው። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው፣ አንብቡት። ስም መቀየር ብቻ ሰውን አይሰውርም። «የብሎክ እገሌ የእድር ጸሐፊ» ካላችሁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ ብሎኩን አውጡት፣ ካስፈለገም የሥራ ድርሻውን አደብዝዙት።

ውጤታችሁን ለተጠያቂዎች መልሳችሁ ስታሳዩ ግልባጩን አትስጧቸው። የራሱን ንግግር ተጽፎ ያየ ሰው ያፍርና ማሳመር ይጀምራል። የደረሳችሁበትን ሐሳብ በቃል ንገሯቸው፤ «ሰዎች የድሮውን እድር የሚይዙት ለቅሶ የሚቀመጡበት ቦታ ስላጡ ነው ብለን ነበር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» በሏቸው። «ልክ ነው» ከሚለው መልስ ይልቅ «ለኛ ቤትስ አይደለም» የሚለው ይጠቅማችኋል።

ለመጀመር የሚከተለውን ሥሩ። በዚህ ሳምንት በሰፈራችሁ አንድ ስብሰባ ወይም አንድ የሕዝብ ቦታ ለአንድ ሰዓት ተመልከቱና ማታውኑ ጻፉ። በሚቀጥለው አንድ ሰው ለ45 ደቂቃ አናግሩ፤ ቅጂውን ራሳችሁ ገልብጡ፣ በየመስመሩ ኮድ ስጡ፣ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጻፉ፣ ከመመሪያ ጥያቄዎቻችሁ ቢያንስ ሁለቱን ቀይሩ። የቀየራችሁትንና ለምን እንደቀየራችሁት ለአማካሪያችሁ ይዛችሁ ሂዱ። የሁለተኛውን ሰው ቀጠሮ ከዚያ በፊት አትያዙ።